ስለ ኩላንት ትንሽ ላውራችሁ (ቡና ጭናችሁ ዳገት ለምትወጡ)



ዛሬ ኒውዮርክ ስንት ዘጋ፣ ዶላር በባንክ ስንት ዋለ የሚል ነገር አላመጣሁም። የማወራው ስለ ኩላንት ነው። አዎ፣ ያ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው አረንጓዴ ወይም ቀይ ፈሳሽ። «ይሄ ደግሞ ከቡና ዋጋ ጋር ምን አገናኘው?» ለምትሉኝ፣ እኔም በፊት እንደናንተው ነበር የማስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኮንቴይነር ጅማ 5 ለአውሮፓ ገዢ ሸጬ ነበር። ዋጋው ተቆርጧል፣ የመጫኛ ወሩም ውሉ ላይ ሰፍሯል። ሁለት ኤፍ ኤስ አር እያንዳንዳቸው 100 ኩንታል ጭነው ከጅማ ተነሱ። ተበጥሮና ተለቅሞ የሚጎድለው ሲጎድል 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ይወጣዋል ብለን ነው። የመጀመሪያው በሰላም አዲስ አበባ ገባ። ሁለተኛው ግን ግቤን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣው ዳገት ላይ ቆመ።

ሾፌሩ ደወለ። «ጋሼ፣ ጌጁ ቀዩን አልፏል፣ ራዲያተሩ እየፈላ ነው» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «ውሃ ጨምርበትና ቀጥል።» ይቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም። ረዳቱ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ የጋለው ሞተር ውስጥ ገለበጠ፤ ቴስታታው ተሰነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጭነቱን የሚገለብጥ ሌላ መኪና ፍለጋ ሁለት ቀን፣ መገልበጫ አንድ ቀን፣ የማበጠሪያው ተራ አልፎናል። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ሲደርስ መርከቡ መቀበል ዘግቶ ነበር። ቀጣዩ መርከብ ደግሞ ከመጫኛ ወራችን ውጭ ወደቀ። በነዚያ ቀናት ገበያው ወርዷል። ገዢ መቼም እንዲህ ነው፤ ገበያው ከውሉ ዋጋ በላይ ሲሆን ጭነት ቢዘገይም «ችግር የለም፣ ብቻ ይድረስ» ይላል። ሲወርድ ግን ውሉን አንድ በአንድ ያነባል። የዘገየ ጭነት ለገዢ በነጻ የተሰጠ ምርጫ ነው። በፓውንድ 6 ሳንቲም ካልቀነስክ አልቀበልም አለ። 19,200 ኪሎ ወደ 42,328 ፓውንድ ይመጣል፤ በ6 ሳንቲም ሲባዛ 2,540 ዶላር ገደማ። የቴስታታው፣ የጋራዡና የመገልበጫው ወጪ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ጋራዥ ሲፈታ ራዲያተሩ ውስጥ እንደ ጭቃ የሆነ ዝገት ወጣ። የውሃ ፓምፑ ምላሶች ተበልተዋል። የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ግማሾቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል። ሾፌሩን ስጠይቀው ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ «ቀይ ኩላንት» ሲጨምር ነው የከረመው። ማን ግዛ አለው? እኔ ነኝ። «ያው ነው፣ ርካሹን ያዝ» ብዬዋለሁ። የተቆጠበው ብር የሁለት ሰው ምሳ አይሞላም። ያንን ጀሪካን በኋላ ስፈትሸው ቀለም የገባበት ውሃ ነበር። እንዴት እንደፈተሽኩት ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ መካኒኮችን ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ኩላንት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው «እንዳይፈላ» ወይም «እንዳይቀዘቅዝ» ነው። ፈረንጆቹ በክረምት ውሃቸው በረዶ ሆኖ ሞተር እየሰነጠቀባቸው ነው የጀመሩት። ውስጡ ያለው ዋና ነገር ኤቲሊን ግላይኮል ይባላል። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይጋገርም። እኛ ጋ ይሄ ብዙም አያሳስበንም። ለእኛ የሚያስፈልጉት ሌሎቹ ሁለቱ ሥራዎቹ ናቸው፤ የመፍያ ነጥብን ከፍ ማድረግና ብረት እንዳይበላ መከላከል።

መፍያውን እንይ። ውሃ በባህር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ባልን ቁጥር ግን አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የሞተር ቴርሞስታት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው የሚከፈተው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አያችሁ? እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ይህን ነጥብ በ7 ወይም 8 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ማን መሰላችሁ? የራዲያተሩ ክዳን። ክዳኑ ውስጥ ስፕሪንግ አለ፤ ግፊት ይይዛል። አንድ ባር ገደማ የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያ ነጥቡን 20 ዲግሪ አካባቢ ይጨምራል። ጥሩ ክዳንና ጥሩ ኩላንት አንድ ላይ ሲሆኑ በባህር ጠለል ሲታይ 129 ዲግሪ አካባቢ ድረስ አይፈላም።

ስለዚህ ውድ ኩላንት ገዝታችሁ ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ብትከድኑበት ገንዘባችሁን በትናችኋል። ክዳኑ ላይ የግፊቱ ቁጥር ተጽፏል፤ ስትቀይሩ ያንኑ ቁጥር ያለው ይሁን። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ «የኤፍ ኤስ አር ክዳን» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩት።

ዳገት ላይ ለምን እንደሚብስ ደግሞ ቀላል ነው። የጫነ መኪና በከባድ ማርሽ ሲጎትት ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል፣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ነው። ፍጥነቱ ግን የሰው እርምጃ ነው፤ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው። ግቤም በሉት፣ የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ማዶ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ሰሊጥ ጭኖ ከመተማ ወደ ጎንደር ሲመጣ፣ ሁሉም ጋ የሚሆነው አንድ ነው፤ ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው። የተደፈነ ራዲያተር ሜዳ ላይ ዓመት ሙሉ ሊሸውዳችሁ ይችላል፤ ዳገቱ ላይ ያጋልጣችኋል።

አሁን ወደ ዝገቱ። «ንጹህ ውሃ ይሻላል፣ እኛ ድሮ ውሃ ብቻ ነበር የምንሞላው» የሚሉ አባቶች ሾፌሮች አሉ። እውነት ለመናገር ግማሹ ልክ ነው። ውሃ ብቻውን ሙቀት በመሸከም ከግላይኮል ቅልቅል ይበልጣል። ኩላንትን ከልክ በላይ ማወፈር፣ ለምሳሌ ሳይቀጥኑ እንዳለ መሙላት፣ ሞተሩን የባሰ ያሞቀዋል። ችግሩ ሌላው ግማሽ ነው። ውሃ ብቻውን ብረት ያዛጋል፣ አሉሚኒየም ይበላል። የድሮዎቹ ቴስታታ ብረት ነበር፣ ራዲያተራቸውም መዳብና ነሐስ። የዛሬዎቹ መኪኖች በአብዛኛው አሉሚኒየም አለባቸው። የኩላንት ዋጋ ያለው እዚያ ውስጥ ባሉት ጥቂት በመቶ መከላከያ ኬሚካሎች ላይ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች የኩላንቱ መጠን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሁን የሚሉት ለበረዶ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ከቀጠነ መከላከያውም አብሮ ስለሚያንስ ነው።

የኩላንት ዓይነት የሚለየው በነዚሁ መከላከያዎች ነው። የድሮው ዓይነት ሲሊኬትና ፎስፌት የመሳሰሉ ማዕድናት አሉት። ብረቱን በሙሉ በስስ ሽፋን ይለብጠዋል። ፈጥኖ ይከላከላል፤ ግን ይሟጠጣል። ሁለት ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው። ሁለተኛው በኦርጋኒክ አሲድ የተሠራው ነው። ይሄ ዝገት ሊጀምር የሚልበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ቶሎ አያልቅም፤ አምስት ዓመት ድረስ የሚቆይ አለ። ሦስተኛው የሁለቱ ድብልቅ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ለኛ ትልቁ ነገር ያለው። የአውሮፓ አምራቾች ድብልቃቸው ላይ ሲሊኬት ይጠቀማሉ፤ ፎስፌት ይሸሻሉ፣ ምክንያቱም ውሃቸው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ፎስፌቱ ከዚያ ጋር ተጣብቆ ቅርፊት ይሠራል። ጃፓኖች ደግሞ ሲሊኬት የፓምፕ ማሸጊያ ይፈጋል ብለው ፎስፌቱን ይመርጣሉ። ቶዮታ የምትነዱ ሰዎች የምታውቁት ቀዩና ሮዙ ከዚህ ወገን ነው።

እኛ ብዙ የጃፓን መኪና አለን። ውሃችን ደግሞ፣ በተለይ በስምጥ ሸለቆው፣ ጨውና ማዕድን የበዛበት ነው። የጃፓን ኮንሰንትሬት ገዝታችሁ በጉድጓድ ውሃ ብትበጠብጡት ያንን ነጭ ቅርፊት ራሳችሁ አመረታችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ተበጥብጦ የተዘጋጀውን ግዙ፣ ወይ በዲስትልድ ውሃ በጥብጡ። ለባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ይሆናል። አደራ ግን፣ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትገለብጡት።

ትላልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ላይነራቸው በቀጥታ ውሃ የሚነካው ዓይነት ከሆነ፣ ፒስተኑ በተመታ ቁጥር ላይነሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከውጭ በኩል ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን በመርፌ እንደመውጋት ያህል ይቆፍረዋል። ብዙ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ይበሳል፣ ውሃ ከዘይት ይገናኛል። ይሄንን የሚከላከል ኬሚካል የቤት መኪና ኩላንት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው ጀርባው ላይ ያለውን መለያ ማንበብ የሚያስፈልገው። የአሜሪካኑ መለያ ኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ 3306 ከሆነ ለቀላል መኪና ነው፤ ዲ 6210 ከሆነ ለከባድ ሥራ ሞተር ነው። የጃፓኑ መለያ ጂስ ኬ 2234 ይባላል። ሦስቱም የሌለበት፣ አምራቹም አድራሻውም ያልተጻፈበት ዕቃ ካጋጠማችሁ ዋጋውን ሳትጠይቁ እለፉ።

ቀለሙን እርሱት። ቀለም ማለት ማቅለሚያ ነው እንጂ ደረጃ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ ያደረገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል። «ቀይ ነበር፣ ቀይ ጨመርኩ» ማለት ዋስትና አይሆንም። ዓይነታቸው የማይስማማ ሁለት ኩላንቶች ሲቀላቀሉ ቢያንስ ዕድሜያቸው ያጥራል፤ ሲብስ እንደ አጥሚት ይወፍርና ራዲያተሩን ይዘጋል። ምን እንዳለበት ካላወቃችሁ ሙሉ በሙሉ አፍስሳችሁ፣ በንጹህ ውሃ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ አጥባችሁ፣ አዲስ ሙሉ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሄ ይሁን።

ስለ ዋጋ ሳልናገር ብቀር ቻናሉ ያፍርብኛል። ኩላንት በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ወዴት እንደሄደ የገዛ ያውቀዋል። ታዲያ ሱቅ ውስጥ አምስት ሊትር ተበጥብጦ የተዘጋጀና አምስት ሊትር ኮንሰንትሬት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሰው የሚያየው የጠርሙሱን ዋጋ ነው። አምስት ሊትር ኮንሰንትሬት 10 ሊትር ይወጣዋል። እርጥበቱ 15 የሆነ ቡናና 11 የሆነ ቡና በአንድ ዋጋ ትገዛላችሁ? አትገዙም። እዚህም የምታወዳድሩት ሞተር ውስጥ የሚገባውን የአንድ ሊትር ዋጋ ነው፤ የዲስትልድ ውሃውን ወጪ ደምራችሁ። አራት አምስት መኪና ያለው ዩኒየን አንድ ዓይነት መርጦ ኮንሰንትሬቱን በብዛት ገዝቶ ራሱ ቢበጠብጥ ያዋጣዋል፤ የመቀላቀል ችግሩም አብሮ ይቀራል። አንድ ሁለት መኪና ላለው ግን የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። አንዴ ውሃው ከተሳሳተ ትርፉ ሁሉ ይበላል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ላኪዎች ጋ የናሙና ሚዛን አለ አይደል? በግራም የሚመዝን። አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱና መስመር አስምሩበት። እስከ መስመሩ ዲስትልድ ውሃ ሞልታችሁ መዝኑ፣ አፍሱት፣ አድርቁት፣ እስከዚያው መስመር ኩላንቱን ሞልታችሁ መዝኑ። የጠርሙሱን ክብደት መቀነስ አትርሱ። እውነተኛ እኩል በእኩል ቅልቅል ከውሃው ከ6 እስከ 7 በመቶ ይከብዳል። ውሃው 500 ግራም ከሆነ ኩላንቱ 530 እና ከዚያ ጥቂት በላይ መሆን አለበት። እኩል ከመዘነ ቀለም የገባበት ውሃ ነው። ከውሃ ከቀለለ ደግሞ ሜታኖል የመሰለ አልኮል ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ እሱ ከውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ ከውሃም የባሰ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ፍሪዘር ነው። ጥቂቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ሳትሞሉት፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ፣ «መርዝ» ብላችሁ ጽፋችሁበት አሳድሩት። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኩል በእኩል የሆነ ኩላንት ጠዋት እንደፈሰሰ ይገኛል። የኔው ቀይ ጀሪካን ጠዋት ላይ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ጠርሙሱን ለጥጦት ነበር። ባለቤቴ ያንን ጠርሙስ ከሥጋ አጠገብ ስታገኘው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። እነዚህ ሁለት ፍተሻዎች የሚይዙት ግልጹን ማጭበርበር ነው፤ መከላከያ ኬሚካሉ ስለመኖሩ አይነግሯችሁም። ለሱ የሚነከር የመፈተሻ ወረቀት አለ፣ ብዙ መኪና ላለው ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። አንዳንድ ሾፌር በምላሱ ቀምሶ «ጣፋጭ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው። ኩላሊት ያጠፋል፣ ይገድላል። ውሻ፣ ፍየል፣ ሕፃን ልጅ ጣዕሙን ብሎ ሊጠጣው ይችላል፤ ስታፈስሱ መሬት ላይ አትልቀቁት። የኩላንት ዕቃን ለውሃ መጠጫ መልሶ መጠቀምም የማይታሰብ ነው። ለኛ ሥራ ደግሞ ተጨማሪ አለበት። የኩላንት ጀሪካን ከቡና ወይም ከሰሊጥ ጆንያ ጋር አትጫኑ። ቡና ሽታ ይስባል፤ ሰሊጥ ሰው እንዳለ የሚበላው ነው። አንድ የተንጠባጠበ ጀሪካን ጭነት ያስመልሳል። ጋቢና ሥር ወይም የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ታስሮ ይሂድ።

መንገድ ላይ ሞተር ሲሞቅ ምን ይደረግ? ጌጁ መውጣት ሲጀምር፣ ሳይፈላ ገና፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ከተሳካ ሞተሩን ሳታጠፉ በባዶ ማርሽ ፋኑ እንዲያቀዘቅዘው ተዉት። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን ሙቀት ከሞተሩ ያወጣል። ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ወዲያው አጥፉት። ክዳኑን እንደጋለ አትክፈቱ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል። ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ጠብቁ። የላይኛው ወፍራም ጎማ ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን ክፈቱ። ሲጨመርም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ኩላንት ከሌለ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ከወንዝ ውሃ ይሻላል፤ ከተማ ስትገቡ ግን የቀጠነውን አስተካክሉ። በየሁለት ቀኑ ውሃ የሚጠይቅ መኪና ደግሞ ኩላንት ሳይሆን መካኒክ ነው የሚፈልገው፤ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ወይም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ «እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። ባትሪውም ሞተሩም በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሞዴል ብዙ ነው። ለዚያ የሚሆነው ከተራው የተለየ ሊሆን ስለሚችል መመሪያው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ውጭ አትጨምሩ።

ያ ሾፌር አሁንም ከኔ ጋር ነው። ወንበሩ ሥር ሁለት አምስት ሊትር አለው፣ አንዱ ኩላንት፣ አንዱ ዲስትልድ ውሃ፣ በኔ እጅ የተጻፈባቸው። ባለፈው ሳምንት ከጅማ ሲነሳ ደውሎ «ጋሼ፣ ክዳኑንም አይቼዋለሁ» አለኝ። የሰኞው የኒውዮርክ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል።